ለዲግሪው ሳይሆን ለሥራው ይከፈል

በዩኒቨርሲቲና በኮሌጅ ግቢዎቻችን የደመወዝ ነገር በተነሣ ቁጥር ክርክሩ ይጦፋል፤ በአንድ ነጥብ ላይ ግን የሚከራከር አይገኝም። ፒኤችዲውን የጨረሰ መምህር ወዲያው ደመወዝ ይጨመርለት፣ ጭማሪውም ዳጎስ ያለ ይሁን በሚለው ላይ የመምህራን ማኅበሩም፣ የዲፓርትመንት ኃላፊውም፣ ሚኒስቴሩ ውስጥ ዕቅድ የሚያረቅቀውም፣ ልጆች ይዛ የምትጠብቀው ባለቤቱም አንድ ናቸው። የሚለያዩት በመጠኑ ብቻ ነው። አንዱ ሁለት እርከን ይበቃል ይላል፤ ሌላው እጥፍ ካልሆነ ድካሙን አያካክስም ይላል።

እኔ ከመጠኑ በፊት ሐሳቡን ራሱን እቃወማለሁ። ለዲግሪ ተብሎ የሚሰጥ ጭማሪ የተቀባዩን ኑሮ አያቃናም፣ ክፍሉን ከመምህር ያራቁታል፣ ዶክትሬቱንም ከምርምርነት አውርዶ የእርከን መሻገሪያ ያደርገዋል። ለመምህራን የሚወጣው ገንዘብ ይነስ አላልኩም። ብዙ መጨመር አለበት። የሚጨመረው ግን ለማስተማሩ ሥራና ዶክትሬቱ እየተሠራ ላለባቸው ዓመታት መሆን ይገባዋል።

ከሒሳቡ እንነሣ። በዩኒቨርሲቲዎቻችን አሠራር ማስተርስ ያለው መምህር ሌክቸረር ነው፤ ዶክትሬቱን ይዞ ሲመጣ ረዳት ፕሮፌሰር ይባላል፣ ደመወዙም ወደዚያ እርከን ይሻገራል። በሐምሌ 2017 የጸደቀው የተሻሻለው የገቢ ግብር አዋጅ ከ14,000 ብር በላይ ባለው የወር ገቢ ላይ 35 በመቶ ይጥላል። ለጡረታ 7 በመቶ ይቆረጣል። እንግዲህ ደመወዙ ከዚህ መስመር ላለፈ መምህር ዲግሪው ካመጣለት ከእያንዳንዱ 1,000 ብር 350ው ለግብር፣ 70ው ለጡረታ ይሄድና እጁ የሚገባው 580 ብር ነው። ጭማሪው 3,000 ብር ቢሆን 1,740 ይደርሰዋል። አራትና አምስት ዓመት እንቅልፍ ያጣ፣ ብድር የገባ፣ የልጆቹን ትምህርት ቤት ያስቀየረ ሰው በመጨረሻ የሚቆጥረው ይህን ነው።

ይህም ቢሆን ዋጋው ባለበት የሚቆም ገንዘብ አይደለም። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የምንዛሪ ተመኑ ለገበያ ሲለቀቅ አንድ ዶላር 57 ብር አካባቢ ነበር፤ በሳምንታት ውስጥ 100 ብርን አለፈ። በጊዜው የመንግሥት ሠራተኞች የደመወዝ ጣሪያ 20,468 ብር ነበር። ከዚያ በጥቅምት 2017 በመጣው ማሻሻያ ዝቅተኛው ደመወዝ ከ1,100 ወደ 4,760 ብር ሲያድግ ጣሪያው 21,492 ላይ ቆመ፤ 5 በመቶ ብቻ መሆኑ ነው። የታችኛው መነሣቱ ተገቢ ነበር፣ ሊዘገይ የማይገባው ነበር። ግን በትምህርት ደረጃ ከፍ ብሎ የተቀመጠው መምህር ከሌላው ጋር የነበረው ልዩነት በአንድ ወር ሲቀልጥ ተመልክቷል። በመስከረም 2018 ደግሞ ጣሪያው ወደ 39,000፣ ዝቅተኛው ወደ 6,000፣ የመጀመሪያ ዲግሪ ይዞ ሥራ የሚጀምረው ከ6,940 ወደ 11,500 ብር ወጣ፤ ልዩነቱም እንደገና ሰፋ። በዲግሪዎች መካከል ያለው ርቀት በካቢኔ ውሳኔ የሚሰፋና የሚጠብብ ከሆነ፣ የመምህርነትን ክብር በዚያ ርቀት ላይ ማንጠልጠል ምን ይባላል? በኅዳር 2015 በየዩኒቨርሲቲው ሥራ ያቆሙት መምህራን ያነሡት የመኖር ጥያቄ ነበር። ያ ጥያቄ ማስተርስና ፒኤችዲ ብሎ የሚለያይ አልነበረም፤ ኃይሉም ከዚያ የመጣ ይመስለኛል።

አሁን ወደ ክፍሉ እንግባ። በ2014 የ12ኛ ክፍል ፈተና ከተፈተኑት ውስጥ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። በ2015 የተገኘው 3.2፣ በ2016 ደግሞ 5.4 በመቶ ነው። ማለፊያውን ላላገኙት የሪሚዲያል ፕሮግራም ተከፈተ፤ ዩኒቨርሲቲው የሁለተኛ ደረጃን ትምህርት እንደገና ማስተማር ያዘ ማለት ነው። ከ2015 ጀምሮ ደግሞ የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪ የመውጫ ፈተናውን ሳያልፍ አይመረቅም። በመግቢያው በኩል ያልተዘጋጀ ልጅ አለ፤ በመውጫው በኩል ሳያልፉት የማይመረቁበት ፈተና አለ፤ በመካከላቸው የቆመው መምህሩ ነው። ይህ ልጅ የሚያስፈልገው አልጀብራን ከሥሩ የሚያስረዳው፣ የእንግሊዝኛ አረፍተ ነገር አስጽፎ የሚያርምለት፣ ቤተ ሙከራ ውስጥ አብሮት የሚቆም፣ የ70 ተማሪ የፈተና ወረቀት ላይ ስህተቱን አሳይቶ በሳምንቱ የሚመልስ ሰው ነው። የሪሚዲያልና የመጀመሪያ ዓመት ክፍሎች የአገሪቱ ከባድ የማስተማር ሥራ ያለባቸው ቦታዎች ሆነዋል።

ደመወዙ ለዚህ መምህር የሚነግረው ምንድን ነው? እዚህ ከቆየህ ባለህበት ትቆማለህ፤ ከዚህ ከወጣህ ታድጋለህ። በየዲፓርትመንቱ አንድ እንዲህ ያለ መምህር አላችሁ። ማስተርሱን ከያዘ ብዙ ዓመት ሆኖታል፤ ለትምህርት የወጡ ባልደረቦቹን ኮርሶች ተከፋፍሎ ይሸፍናል፤ 12 ክሬዲት የሚባለው ሳምንታዊ ሎድ ለእሱ ወለሉ እንጂ ጣሪያው ሆኖ አያውቅም። የኦቨርሎድ ክፍያው ዘግይቶ ይመጣል፣ አንዳንዴም ባጀት አለቀ ተብሎ ይቀነሳል። ተማሪዎቹ ከተመረቁ በኋላ የሚያነሡት የእሱን ስም ነው። ስተዲ ሊቭ ላይ የነበረው ባልደረባው ሲመለስ ግን ደመወዙ ከእሱ በላይ ይሆናል፤ ያ ባልደረባ በሄደባቸው ዓመታት ክፍሎቹን የተሸከመው ሰው ለተሸከመበት አንዲት እርከን አላገኘም። የተመለሰውም ቢሆን ወደነዚያ ክፍሎች አይመለስም። ማስተርስ ፕሮግራሙ ይጠብቀዋል፣ የሚያማክራቸው ተማሪዎች ይመደቡለታል፣ ብዙም ሳይቆይ የዲንነት ወይም የዳይሬክተርነት ደብዳቤ ይደርሰዋል። ፒኤችዲ ያለው ሰው ፍሬሽማን አያስተምርም የሚለው ልማድ በብዙ ዲፓርትመንት ሥር ሰዷል። ስለዚህ የጨመርነው ገንዘብ ከጨለማው ክፍል ውስጥ መብራት እያወጣ በርቶ ወዳደረ ክፍል ይወስዳል።

ዲግሪው ያለው መምህር የተሻለ ያስተምራል፤ እውቀቱ ወደ ተማሪው መውረዱ አይቀርም የሚሉኝ አሉ። አንዳንዱ ላይ እውነት ነው። ምርምር የሠራ ሰው ለጥያቄ የሚሰጠው መልስ ሌላ ነው፤ ሲያስተምር መጽሐፉን አልፎ ይሄዳል። ይህን ጸጋ የምናየው ግን ክፍል ሲገባ ነው። ክፍል መግባቱ ካልተከፈለበት፣ አለመግባቱም ካልተቀነሰበት፣ ጸጋው ከቢሮው አይወጣም።

ዶክትሬቱን በሚመለከት ደግሞ የማዝነው ይበልጣል። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያዎቹን የፒኤችዲ ፕሮግራሞች የከፈተው በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1987 ነው። ከዚያ በፊት ዶክትሬት የሚፈልግ ወደ ውጭ መሄድ ነበረበት። በአገራችን መሬት፣ በአገራችን ቋንቋዎች፣ በአገራችን በሽታዎችና ሰብሎች ላይ፣ እዚሁ ሆኖ፣ እዚሁ ባሉ መምህራን ፊት የሚሠራ ዶክትሬት ማግኘት ትልቅ ነገር ነበር። አሁን ፕሮግራሙ ብዙ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ አለ። ግን ደመወዝ ሲታሰርበት ሰው ርዕስ የሚመርጥበት መንገድ ተለወጠ። ቶሎ የሚያልቀው የትኛው ነው? መጠይቅ በትኖ፣ ሶፍትዌር ውስጥ አስገብቶ፣ አምስት ምዕራፍ አድርጎ የሚወጣው የትኛው ነው? ሦስት ክረምት መጠበቅ የሚጠይቅ የአፈር ጥናት፣ ሽማግሌዎች እየሞቱበት ያለ ቋንቋን የሚመዘግብ ሥራ፣ ድንጋይ የሚቆጥር የአርኪዮሎጂ ቁፋሮ በዚህ ውድድር ይሸነፋሉ። ሩቅ የሚያየው ወጣት ተመራማሪ በገዛ ደመወዙ ይቀጣል፤ ሁለት ዓመት ዘግይቶ በጨረሰ ቁጥር የሁለት ዓመት ጭማሪ ያጣልና።

ከዚህ ሲብስ ደግሞ ገበያው ይመጣል። ፕሮፖዛልና ቴሲስ እንሠራለን የሚል ማስታወቂያ በየግቢው በር አጠገብ ተለጥፎ ያላየ የለም፤ በቴሌግራም ደግሞ በየቀኑ ይዘዋወራል። ገንዘብ ተቀብለው በቀናት ውስጥ ፔፐር የሚያወጡ ጀርናሎች የሚኖሩት ደረጃ በወረቀት በሚሸጥበት አገር ሁሉ ነው። የሚገዛውን ሰው ብቻ መርገም ቀላል ነው። እኔ ግን የሚያስገዛውን ደንብ እከስሳለሁ። ወረቀቱ ለዕድሜ ልክ በየወሩ ገንዘብ እንዲያመጣ አድርጎ ሠርቶ ሲያበቃ፣ ወረቀቱ ሐሰተኛ ሆነ ብሎ መደንገጥ አግባብ አይደለም።

ይህ በእኛ አገር ብቻ የሆነ አይደለም። ብዙ መምህሮቻችን ዶክትሬታቸውን የሠሩት ህንድ ነው፤ ከዚያ ቀደም ደግሞ ህንዳውያን መምህራን በየክፍለ ሀገሩ ትምህርት ቤቶቻችን አስተምረዋል፤ ስለዚህ የእነሱ ታሪክ ሩቅ አይደለም። በህንድ የዩኒቨርሲቲዎች ኮሚሽን በአውሮፓውያን አቆጣጠር (በዚህ አንቀጽ ያሉት ዓመቶች ሁሉ እንዲሁ ናቸው) በ2010 ባወጣው ደንብ ዶክትሬት ይዞ የሚቀጠር የኮሌጅ መምህር አምስት የቅድሚያ ጭማሪ፣ ሥራ ላይ እያለ የሚያገኝ ደግሞ ሦስት ጭማሪ ይሰጠው ነበር። ከዚያው ጋር ለደረጃ ዕድገት ነጥብ መቁጠሪያ ሥርዓት ተዘረጋ፤ ለእያንዳንዱ ፔፐር ነጥብ፣ ለእያንዳንዱ ስብሰባ ነጥብ። ውጤቱ ምን ሆነ? ኮሚሽኑ ራሱ በ2018 ካጸደቃቸው ጀርናሎች ዝርዝር ውስጥ 4,305ቱን በአንድ ጊዜ ሰረዘ። የህንድ ማዕከላዊ መንግሥት ደግሞ በ2017 መጨረሻ አዲሱን የደመወዝ ስኬል ሲያወጣ ለዶክትሬት የሚሰጠውን የቅድሚያ ጭማሪ ከነጭራሹ አስቀረ፤ ምክንያቱም ዲግሪው ያለው ሰው በደረጃ ዕድገቱ ቶሎ ስለሚያድግ ጥቅሙ ስኬሉ ውስጥ አለ የሚል ነበር። ይህ መልስ በበኩሌ ግማሽ ነው፤ ዕድገቱም በዲግሪ የሚፈጥን ከሆነ ያው ነገር በሌላ በር ገባ ማለት ነው። ዶክትሬት ከመሰጠቱ በፊት ፔፐር ማሳተም ግዴታ የሚለውንም በ2022 አነሡት። ያንን ሁሉ ዓመት የሄዱበት መንገድ ምን እንዳፈራ አይተው የተመለሱ ሰዎች አሉ፤ እኛ ገና ወደዚያው እየገሰገስን ነው።

ጭማሪው ካልተሰጠ ዶክተሮቻችን ጥለውን ይሄዳሉ የሚለው ሌላው ስጋት ነው። ይሄዳሉ፣ አውቃለሁ፤ አሁንም ጭማሪው እያለ ይሄዳሉ። ከዓለም አቀፍ ድርጅት ወይም ከውጭ ዩኒቨርሲቲ ከሚመጣ ጥሪ ጋር ተወዳድሮ በ1,000 ብር 580 የሚደርሰው ጭማሪ አንድም ሰው አላስቀረም፤ ወደፊትም አያስቀርም። ከዚህ በላይ የሚገርመኝ የምንከፍለው ለምን እንደሆነ ነው። ዲግሪ ሰውየው ሻንጣው ውስጥ ከትቶ የሚወጣው ነገር ነው። ማንም ቀጣሪ ያንኑ ወረቀት አይቶ ይከፍለዋል። ከግቢው ጋር የሚያያይዘው ግን ይዞት መሄድ የማይችለው ነው፦ የሚሠራ ቤተ ሙከራ፣ በእሱ እጅ ያለች ትንሽ የምርምር ገንዘብ፣ አብረውት የሚሠሩ ሁለት ጎበዝ ተማሪዎች፣ በክልል ከተማ ከሆነ ደግሞ የግቢ ቤትና ልጆቹ የሚማሩበት ደህና ትምህርት ቤት። ኬሚካል ለማስገባት የውጭ ምንዛሪ ሲጠብቅ የከረመ፣ ናሙናውን ውጭ አገር ልኮ ያስመረመረ ሳይንቲስት የሚያማርረው ስለ እርከን አይደለም። አንድ ማሽን ሥራ እንዲጀምር መለዋወጫ ቢገዛለት በዚያ ገንዘብ የሚቆየው ሰው ብዛት በጭማሪ ከሚቆየው ይበልጣል።

ወደ ፍትሕ ጥያቄው ስንመጣ ልቤ ይለሳለሳል። ዓመታት ተቃጥለዋል፤ ካሳ ይገባል ይሉኛል። እስማማለሁ። ግን ቃጠሎው መቼ ነበር? ስተዲ ሊቭ የወጣ መምህር መነሻ ደመወዙ ቢከፈለው እንኳ ኦቨርሎዱ ይቀራል፣ የማታና የቅዳሜ ክፍሉ ይቀራል፣ የማማከሩ ክፍያ ይቀራል። ለመስክ ሥራ የሚሰጠው ገንዘብ ለትራንስፖርት አይበቃም። መንገድ ሲዘጋ፣ ጸጥታ ሲታወክ፣ ዳታ ሊሰበስብ ያሰበበት ወረዳ ለአንድ ዓመት ሙሉ የማይደረስበት ሲሆን የሚያካክስለት የለም። አድቫይዘሩ ብዙ ተማሪ ስላለበት አንዱን ምዕራፍ አንብቦ ለመመለስ ወራት ይፈጃል። ስለዚህ የግል ኮሌጅ ገብቶ በሰዓት ያስተምራል፤ ቀን ለኑሮ ይሮጣል፣ ሌሊት ለዲሰርቴሽኑ ይነቃል፤ አራት ዓመት የተባለው ሰባት ይሆናል። አንዳንዱም ሳይጨርስ ይቀራል፤ ያ ሰው ዕዳውንና ሐፍረቱን ይዞ ሲመለስ ከጭማሪው አንዲት ሳንቲም አያገኝም፤ የደከመው ግን ከጨረሰው እኩል ሊሆን ይችላል። ጭማሪው ይህ ሁሉ ካለፈ በኋላ መምጣቱ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው።

ካሳ ካልን ካሳው በእነዚያ ዓመታት ውስጥ ይሰጥ። አሁን ለዕድሜ ልክ ጭማሪ ከሚመደበው ውስጥ ለፒኤችዲ ተማሪ መምህራን የጥናት ድጋፍ ቢወጣ፣ ክፍያውም በደረጃ ቢከፋፈል፦ ፕሮፖዛሉ ሲጸድቅ፣ የመስክ ሥራው ሲጠናቀቅ፣ ረቂቁ ለአድቫይዘር ሲገባ። የሚማርበትን ዓመት ቀን ሙሉ ለጥናቱ ማዋል የሚችል መምህር በአራት ዓመት ይጨርሳል፤ ክፍሉም ሦስት ዓመት ቀድሞ መልሶ ያገኘዋል። እዚሁ እየሠራ ለሚማረው ደግሞ ሎዱ በእርግጥ ወደ ግማሽ ይውረድለት፤ በወረቀት ላይ ወርዶ በተግባር በባልደረባ እጦት ሙሉ የሚያስተምርበት አሠራር ይቅር። የአድቫይዘሩም ሰዓት ይቆጠር። ሰባት ተማሪ የሚያማክር ፕሮፌሰር ለንባብ የሚያወጣው ሰዓት በሎዱ ውስጥ ካልተቆጠረለት፣ ምዕራፎቹ ጠረጴዛው ላይ ሲከማቹ የሱ ጥፋት ብቻ አድርጎ ማየት አይቻልም።

ከሁሉ የሚከብደው ተቃውሞ የመጨረሻው ነው፤ ጊዜ ሰጥቼ ልመልሰው። ዲግሪ ቢያንስ ወረቀት ነው፤ ይታያል፣ ይረጋገጣል፣ ይከፈልበታል። ሥራ ይመዘን ካልን ማን ይመዝነዋል? ኃላፊው ዘመዱን ያስቀድማል፣ ብሔር ይገባበታል፣ ፖለቲካ ይገባበታል፣ የተቃወመ መምህር ዕድገቱ ይታገታል። ይህን የሚሉ ሰዎች ከአየር የፈጠሩት አይደለም። በግቢዎቻችን ሹመት እንዴት እንደተሰጠ፣ ኮሚቴ እንዴት እንደተዋቀረ ያየ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። ወረቀቱን አጥብቀው የሚይዙት ከመድልዎ የሚሸሸጉበት የቀረ ጥግ እሱ ስለሆነ ነው።

ግን ወረቀቱስ ንጹሕ ነው? የትምህርት ዕድሉን ማን አገኘ የሚለው ከዚያው ኮሚቴ ነው የሚወጣው። ለስተዲ ሊቭ ማን ቀድሞ ይውጣ የሚወስነው ያው ኃላፊ ነው። መድልዎው በምረቃው ዕለት አይጀምርም፤ ከአራት ዓመት በፊት ተፈጽሞ በዲግሪው ላይ ሕጋዊ ማኅተም ያርፍበታል። ልጅ ያላቸው ሴት መምህራን ከሁሉ በላይ ይህን ያውቁታል፤ ክልል ለክልል ተዘዋውሮ ዳታ መሰብሰብ ወይም ለዓመታት ውጭ መቆየት የማይችሉበት ጊዜ ላይ ዕድሉ ያልፋቸዋል፤ ከዚያ በኋላ በየወሩ ደመወዛቸው ላይ ያ ያለፈ ዕድል ይቀነስባቸዋል።

ሥራን በሹመኛ ስሜት ሳይሆን በሚታይ ነገር መመዘን ይቻላል። አሁን በየሴሚስተሩ ተማሪ፣ ባልደረባና ኃላፊ የሚሞሉት ቅጽ አለ፤ አብዛኛው ሰው ከፍተኛ ነጥብ ስለሚያገኝበት ማንንም ከማንም አይለይም። እሱን ትተን፦ የታቀደው ክፍለ ጊዜ ተሰጥቷል ወይ? ፈተናው ታርሞ፣ ስህተቱ ተጽፎበት፣ ለተማሪው በጊዜው ተመልሷል ወይ? የተማሪዎቹ የማስተርስ ጥናት በውጭ ፈታኝ ሲነበብ ምን ተባለለት? መምህሩ ያዘጋጀው ሞጁል ወይም መጽሐፍ በሌላ ግቢ ውስጥ ያገለግላል? በእጣ የተመረጡ ከሌላ ዩኒቨርሲቲ የመጡ ሁለት የዘርፉ መምህራን ሳይታወቅ ገብተው ክፍሉን ቢከታተሉ ምን ያያሉ? ባሕር ዳር ያለውን ከጅማ፣ ሐዋሳ ያለውን ከሐረማያ የመጣ ቢያየው፣ የጽሑፍ ግምገማው ለመምህሩ ቢደርሰውና ይግባኝ ቢኖረው፣ የቅርብ ሹመኛው እጅ ይርቃል። የመውጫ ፈተና ውጤት ግን በአንድ መምህር ደመወዝ ላይ አይግባ። ተማሪው ያለፈበት የ12 ዓመት ትምህርትና የብዙ መምህራን ሥራ የተጠራቀመበትን ቁጥር አንድ ሰው ላይ መጫን ሌላ ግፍ ይወልዳል፤ ከዚህም በላይ ደካማ ተማሪ ያለበትን ክፍል ሁሉም ይሸሸዋል።

በዚህ ላይ የራሳችን ነባር ትምህርት ቤት የሚያስተምረን አለ። በቤተልሔም ድጓ ያስመሰከረ፣ በዙር አምባ ዝማሬ መዋሥዕት ያስመሰከረ ሰው ምስክርነቱ ወንበር ተክሎ እንዲያስተምር ፈቃድ ነበር። ከዚያ በኋላ ሊቅነቱ የሚታወቀው ከየአገሩ ተጉዘው በሚመጡ ደቀ መዛሙርቱና እነሱ በኋላ በሚተክሉት ወንበር ነው። ከእሱ የወጣው ተማሪ ምን ያህል ሊቅ እንደሆነ ይጠየቃል። ዘመናዊው ዩኒቨርሲቲም ምስክርነቱን ለማስተማር መግቢያ አድርጎ ይያዘው፤ ክፍያውን ከዚያ በኋላ ባለው ሥራ ይለካ።

በክልል ትምህርት ቢሮዎች ሥር ያሉት የመምህራን ትምህርት ኮሌጆች ደግሞ በዚህ ጉዳይ ከሁሉም በላይ ይጎዳሉ፤ ስለ እነሱ ብዙ የሚጻፍ ስለሌለ እዚህ ላይ ማለፍ አልፈልግም። እነዚህ ኮሌጆች የሚያፈሩት የአንደኛ ደረጃ መምህር ነው፤ የዛሬው የ12ኛ ክፍል ውጤት የሚበላሸው ወይም የሚቃናው እነሱ በሚልኩት ሰው እጅ ነው። አንድ የኮሌጅ መምህር ዶክትሬቱን ሲጨርስ ኮሌጁ እሱን የሚያኖርበት መንገድ አጥቶ ለዩኒቨርሲቲ ይለቀዋል። ስለዚህ ኮሌጁ ከፍሎ አስተምሮ ይሸኛል። እዚያ የሚያስፈልገው ሰልጣኞቹ ለፕራክቲከም ወደ ትምህርት ቤት ሲወጡ አብሯቸው የሚወጣ፣ የገጠር ትምህርት ቤት ኋላ ወንበር ላይ ተቀምጦ ሰልጣኙ ክፍልፋይን ለአራተኛ ክፍል ሲያስረዳ የሚያይ፣ ከክፍል በኋላ ቁጭ ብሎ ምኑ እንዳልተሳካ የሚነግረው መምህር ነው። ለዚህ ጉዞ የሚሰጠው አበል ከንቱ ነው፤ ስለዚህ ብዙ ጊዜ ክትትሉ በወረቀት ይሞላል። ለአንድ ዶክተር ደመወዝ ለመጨመር የሚወጣው ገንዘብ ለፕራክቲከም ጉዞ ቢውል ለአንድ ወረዳ ትምህርት ቤቶች የሚያመጣው ለውጥ ይታያል።

ማስተርስ ይዞ በሥራው የሚያድግበት መንገድ በደንቡ ውስጥ የለም አይባልም፤ አለ፣ ግን ጠባብ ነው። ይህን መንገድ ማስፋት ብዙ አዲስ ሕግ አይጠይቅም። የማስተማር ሥራቸው በውጭ ገምጋሚ ተመስክሮለት፣ የሚያገለግል የማስተማሪያ ጽሑፍ ያዘጋጁ ሌክቸረሮች ዶክትሬት ሳይዙ በደመወዝ ከረዳት ፕሮፌሰር እኩል የሚደርሱበት እርከን ይከፈት። ዶክትሬት ያለው ደግሞ ያንኑ እርከን በዚያው መለኪያ ይውጣ፤ ምርምር የሚሠራ ከሆነ በምርምሩ፣ የሚያስተምር ከሆነ በማስተማሩ። ዲግሪው በዚህ መሰላል ላይ ፈጥኖ እንዲወጣ ይረዳዋል፤ ጎበዝ ከሆነ መርዳቱ አይቀርም። በራሱ ግን እርከን አይሁን።

አንድ ነገር መቅረት የለበትም። ዛሬ በጥናት ላይ ያሉ መምህራን አሁን ባለው ደንብ ተማምነው፣ ተመልሰው ለሚያገለግሉበት ዓመት ውል ፈርመው፣ ቤተሰባቸውን አሳምነው ነው የወጡት። መንግሥት የገባላቸውን ቃል መሃል መንገድ ላይ ማጠፍ አይገባውም፤ ጨርሰው ሲመለሱ እርከናቸው እስከ ሙሉው ይሰጣቸው። አዲሱ አሠራር ከሚቀጥለው ዓመት ፕሮፖዛል ከሚያስገቡት ይጀምር፤ እነሱ ከመጀመሪያው ቀን የጥናት ድጋፋቸውን እያገኙ ይቀጥሉ። በዚህ ከሚቀረው ባጀት ቀድሞ መከፈል ያለበት በሪሚዲያልና በመጀመሪያ ዓመት ክፍሎች ከሎዳቸው በላይ ላስተማሩ መምህራን የተጠራቀመው የኦቨርሎድ ውዝፍ ነው።